ውሃ የሚያቀልጠው ድንጋይ

እህቴ ደብሪቱ ወንድማችን ተስፋልደት ማረፉን በስልክ ስትነግረኝ፣ ልጁ ጽዮን ሱቄ ውስጥ ፊት ለፊቴ ቆማ ኮቷን እየሞከረች ነበር። «ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትል» አለችኝ ደብሪቱ። «ነገ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሁፏን አቅርባ ትጨርስ። ከነገ ወዲያ ማለዳ ሰው ይዘን መጥተን እናረዳታለን።» እሺ ብዬ ዘጋሁ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ልብስ ስሰፋ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ታላቅ እህቴን መከራከር ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩም።

«ማነው?» አለች ጽዮን።

«ደንበኛ ነው። ልብሴ አልደረሰም ወይ ይላል።»

«የጋሼ ከተማ ልብስ በቀጠሮው የሚደርሰው መቼ ነው?» ብላ ሳቀች።

የስፌት መኪናዬ ላይ አጎነበስኩ። ወንድሜ ሞቶ እኔ እጅጌ አጥፋለሁ።

ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ደብረ ብርሃን ነው። እሷ በሦስት ሰዓት ፈታኞቿ ፊት ትቀርባለች። አባቷን ሳትሸኝ ቀረች ማለት ነው። መርዶ በድንገት እንደማይነገር አውቃለሁ። እናቴ የሞተች ጊዜ ጎህ ሲቀድ መጥተው ግራና ቀኝ ይዘው ነው የነገሩኝ፤ ባይይዙኝ ኖሮ እንጃ። ወጉን አልንቅም። ግን ያመለጠ ቀብር በምን ወግ ይመለሳል?

እሷ እንዳትረበሽ ስልኳን ከጠዋት ጀምሮ አጥፍታዋለች። «ጋሼ፣ አንተ ከገባህ ፈታኞቹ አያቅቱኝም። አባዬ ቅዳሜ ስነግረው ቶሎ ነው የገባው» ብላ ልምምዷን ጀመረች።

የምታጠናው ከኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ የተላከላትን ድንጋይ ነው። «ድንጋይ በሙቀት ይቀልጣል ብልህ ለቀባሪው አረዱት ትለኛለህ» አለች። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እሷ አላየችም። «እዚያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የባሕሩ ወለል ራሱ ከጎረቤቱ የምድር ቅርፊት ስር ገብቶ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ሲሰምጥ በድንጋዩ ውስጥ የተያዘ ውሃ ይዞ ይወርዳል። ወደታች ሲገባ ይጨመቃል፣ ይሞቃል፤ ያኔ ውሃው ይለቀቅና ከላይ ወዳለው አለት ይገባል።»

«ያቀዘቅዘዋላ።»

«አያቀዘቅዘውም፣ ያቀልጠዋል። አለቱ ድሮም በጣም የጋለ ነው፤ ግን ከላይ ክብደት ስለተጫነው ጠጣር ሆኖ ችሎ ይኖራል። ውሃ ሲገባበት እዚያው ባለበት ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል።»

እኔም ድሮ ከወንድሜ ጋር በአንድ አልጋ ያደግነውን እያሰብኩ እንባዬን የያዝኩት በግድ ነው።

«ከዚያስ?» አልኳት፣ ዝም ካልኩ እንዳይታወቅብኝ።

«ከዚያ የቀለጠው አለት፣ ማግማው፣ ወደላይ ይወጣና መንገድ ላይ ይቆማል። እዚያ ብዙ ዘመን ሲቆይ ይለወጣል። ቀዝቀዝ ሲል ከባድ ከባዱ ጠጥሮ ይዘቅጣል፣ የቀረው እየወፈረ እንደ ገንፎ ይሆናል። ውሃው ግን ከቀሪው ጋር ነው ያለው። ኋላ እንፋሎት ሆኖ ልውጣ ሲል የወፈረው አያሳልፈውም፤ ታፍኖ ታፍኖ ይፈነዳል። ቀጭን ቢሆን ኖሮ ቀስ ብሎ ይተነፍስ ነበር።» ወረቀቷን ሰበሰበች። «ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እንግዲያው አልፈራም። ነገ ስጨርስ ስልኬን ከፍቼ መጀመሪያ የምደውለው ለአባዬ ነው። ማንም እንዳይቀድመኝ።»

ደብሪቱ ይህን አላሰበችም። እኔም አላሰብኩም። ልጅቷ በደስታ ትደውላለች፤ ስልኩን ከለቀስተኛ መሀል አንዱ ያነሳዋል። ሆድ ይፍጀው ማለት እዚያ ድረስ አይሄድም። መቀሱን አስቀመጥኩ።

«ጽዮኔ፣ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች።

«አባትሽ ዛሬ ጠዋት አርፏል። ልቡ ነው አሉ።»

የኮቷን ጫፍ ጨብጣ ያዘች። «ማን ማን ያውቃል?»

«ዘመድ ሁሉ።»

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ፣ ስድስት ሰዓት።»

«ከቀብሩ ልታስቀሩኝ ነበር?»

«አዎ» አልኳት። ወዲያው ከእሷ በፊት እኔ ጮህኩ። ከጠዋት የያዝኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ወንድሜን እየጠራሁ ደረቴን ስመታ እጆቼን ያዘችኝ። መርዶ ነጋሪው እኔ፣ አቅፋ የያዘችኝ እሷ። አፈርኩ፣ ግን ማቆም አልቻልኩም። ቆይታ እሷም ትከሻዬ ላይ አለቀሰች።

ጎረቤቴ ካሚላ ጨርቅ እየለካችላት የነበረችውን ደንበኛ ትታ ሮጣ መጣች። ማን ሞተ ብላ የጠየቀችው እኔን ነው።

«አባቴ» አለች ጽዮን። «ጽሁፉ ይቆየኛል። ነገ ስድስት ሰዓት እቀብረዋለሁ።»