የአባየ ይግባኝ

የእኛ ቤተሰብ ጉባኤ እንዴት እንደሚያሰለች የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። በየዓመቱ በጥር፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በአያቴ በአባየ ገብረሰንበት ግቢ ዳስ ይጣልና ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀምጠው ይናገራሉ፤ እኛ ወጣቶቹ ከኋላ ተደርድረን ስልካችንን እንነካካለን። አምና አባየ ስለ ድንበር ክርክር ሲያወጉ፣ የአክስቴ ልጅ አሸናፊ በስልኩ ጎል አይቶ ብድግ ብሎ ጨፈረ። አባየ ንግግራቸው የጣመው መስሏቸው መረቁት።

ዘንድሮ ግን ጉዳይ ነበረኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ መንዳት እፈልጋለሁ። መንጃ ፈቃዱን አውጥቻለሁ፣ የምነዳትም ባጃጅ ተገኝታለች። የጎደለኝ የአባየ ፈቃድ ነው። አባቴ «እሳቸው ይሁን ካላሉ እኔን አትጠይቂኝ» ብሎ ተገላገለ። እሳቸው ደግሞ ወሬውን እንደሰሙ «የኔ ልጅ ገበያተኛ ስታመላልስ አላይም» ብለዋል። የቀረኝ ጉባኤው ነው፤ የሱን ፍርድ እሳቸውም አይሽሩም። እሱም እንቢ ካለኝ፣ ደምበጫ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ሳሙና ስሸጥ ማርጀቴ ነው። ሳሙና ደግሞ ያስነጥሰኛል።

ስለዚህ የጉባኤውን ዳኛ፣ ሌላውን አጎቴን መሪጌታ ዘሚካኤልን ቀድሜ አግባባኋቸው። «ዘንድሮ ነገሩ ሁሉ እንደ ጥንቱ በሙግት ይታይ፤ ብቻ ሽማግሌ የወጣቱን፣ ወጣት የሽማግሌውን ነገር ይዞ ይሟገት» አልኋቸው። መሪጌታ ጨዋታ ይወዳሉ፤ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እሺ አሉኝ። ሐሳቤ አክስቴ እትየ ሀብትነሽ እንዲቆሙልኝ ነበር። እትየ ሆደ ቡቡ ናቸው፤ ያለቅሱልኛል፣ እንባቸውን አይቶም የሚጨክን የለም።

ቀኑ ደርሶ መሪጌታ ስሜን ጠርተው «ለያምሮት ማን ይቆማል?» ሲሉ፣ እትየ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ሊነሡ ተዘጋጁ። አባየ ቀደሙ።

«ሙግት ባለበት እኔ ቁጭ ብየ ልሰማ ነው ወይ? ተቀመጭ ሀብትነሽ።»

የከለከሉኝ ሰው ራሳቸው ጠበቃዬ ሆኑ። በእሳቸው ቦታ አሸናፊ ቆመ፤ ጋቢ ደርቦ፣ ከዘራ ይዞ፣ የሌለ ጢሙን እየዳሰሰ።

«ልጄ ባጃጅ አትነዳም» አለ ድምፁን አጎርንኖ። «በኛ ጊዜ ሴት ልጅ... በኛ ጊዜ... ያው፣ አይመችም ነበር።»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አባየ ብቻ አልሳቁም። እድሜያቸውን ሙሉ ሙግት ገጥመው ተረትተው አያውቁም፤ ጨዋታም ቢሆን ሙግት ሙግት ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ከዘራቸውን ወደ አሸናፊ ቀሰሩ።

«በዳኛው አምላክ፣ ብረታ ማር እሰጥ! እኔ ያምሮት ነኝ፤ አንተ ገብረሰንበት ነህ። ያንተ እናት ከቡሬ እስከ ፈረስ ቤት ገበያ በበቅሎ ብቻዋን ስትመላለስ፣ ጎበዝ አሏት እንጂ ነውር ነው ያላት አለ?»

«የለም» አለ አሸናፊ።

«በቅሎ ትደነብራለች። ባጃጅ ትደነብራለች?»

«ኧረ አትደነብርም።»

«ዳኛ፣ ይያዝልኝ፤ አመነ። በቅሎ ትራገጣለች። ባጃጅ ትራገጣለች?»

«እሷ እንኳ አትራገጥም።»

«ይያዝልኝ!»

ከኋላ የነበሩት ወጣቶች ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው እየተጋፉ ወደ ፊት መጡ። አባየ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ታዲያ ምነው ገብረሰንበት? ልጅቱ ትወድቃለች ብለህ ነው ወይስ ትሄዳለች ብለህ? ልጆችህ ሁሉ ከተማ ገብተው ቀሩ። ይችኛይቱን በክልከላ ልታስቀራት ነው?»

እትየ ሀብትነሽ ሳይጠየቁ ማልቀስ ጀመሩ። አሸናፊ ጋቢውን አውልቆ «በቃ፣ ተረታሁ» አለ። መሪጌታም «ያምሮት ረትታለች» ብለው ፈረዱ።

እልልታው ቀለጠ። አባየ ከዘራቸውን ወደ ላይ እየወዘወዙ ዳሱን በእስክስታ ዞሩት። ሮጬ ጉልበታቸውን ስስም እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ማንን እንደረቱ ገና ያን ጊዜ ገባቸው።

«አንተ» አሉት አሸናፊን። «እኔን ሆነህ ቆመህ እንዲህ በቀላሉ ትረታለህ?»

«ፍርድ ተሰጥቷል» አሉ መሪጌታ።

«ይግባኝ እላለሁ።»

«ይግባኝ የሚሰማው በከርሞ ጉባኤ ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ፍርዱ የጸና ነው። ትነዳለች።»

አባየ ዙሪያቸውን የከበቡትን ወጣቶች አንድ በአንድ ተመለከቱ። «እነዚህስ ለከርሞ ይመጣሉ?»

«ይግባኙን ሳንሰማ?» አለ አሸናፊ። «ሲያምረን ይቀራል እንዴ?»

አባየ ተቀመጡና በጣታቸው ጠሩኝ። ጎናቸው በርከክ አልሁ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለዚህ ልጅ ያልነገርሁት ብርቱ መከራከሪያ አለኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለከርሞ እረታሻለሁ። እንዳትቀሪብኝ።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

«አልቀርም አባየ» አልኋቸው። «እየነዳሁ ነው የምመጣው።»