ሰባት ቅጠል ያላት ጽጌረዳ

ቀያሹ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚለካው መሬት ሲያጣ ፊቱን ወደ ጽጌረዳ አዞረ። ግቢው ውስጥ ሃያ ሦስት ጽጌረዳ አለ፤ ሃያ ሁለቱ የስም ቆርቆሮ ተንጠልጥሎባቸዋል። ሚስቱ «ታርጋ» ትለዋለች። «ጥቁር ከፋይ»፣ «ወርቃማዋ ንግሥት»፣ «የጄኔራሉ ጉንጭ» እያለ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየዞረ ያስተዋውቃል። እንግዳውም እግሩ እስኪዝል ያዳምጣል፤ ምን ምርጫ አለው?

ሃያ ሦስተኛዋ ታርጋ የላትም። የስፌት መኪናው ከተቀመጠበት መስኮት ሥር ናት፤ አበባዋ ትንሽ፣ ፈዘዝ ያለች፣ ሽታዋ ግን ቤት የሚሞላ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ያገባች ሰሞን ከእናቷ ግቢ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣቻት ዝንጣፊ ነበረች። እናትየው ካረፉ ቆይተዋል፤ ግቢያቸውም ፎቅ ተሠርቶበታል። ለልብስ ሰፊዋ ከእናቷ የቀረቻት ይህችው ጽጌረዳ ናት። ጠዋት መስኮቱን ስትከፍት ሽታው ሲገባ እናቷ በአጠገቧ ያለፉ ይመስላትና ደስ ብሏት ሥራዋን ትጀምራለች።

አንድ ሐሙስ የጽጌረዳ ወዳጆች ማኅበር ደብዳቤ ላከ። ቅዳሜ አንዲት ባለሙያ መጥታ የአባላትን ጽጌረዳ በየዓይነቱ ትለያለች ይላል። ቀያሹ ወዲያው መነጽሩን አድርጎ መስኮቱ ሥር ቁጢጥ አለ።

«አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት!» አለ፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው። «አላልኩሽም? የግቢ ጽጌረዳ በአንድ ዘንግ ላይ የሚያወጣው አምስት ቅጠል ነው። ሰባት ካወጣ የዱር ነው። በዱር ሥር ላይ የተዳቀለው የላዩ ሞቶ ከሥሩ የበቀለ ነው።»

«ከዝንጣፊ ነው የተከልኳት፤ የምን ላይና ታች ነው የምታወራው?» አለች ሚስቱ በመስኮቱ ብቅ ብላ።

«ደንብ ደንብ ነው። ባለሙያዋ በእኔ ግቢ የዱር አበባ ብታይ ምን እላታለሁ?»

«የሚስቴ ናት በላታ!»

ቀያሹ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ልብስ ሰፊዋም ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሏት፣ ዓርብ ክር ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ መስኮቱ ሥር አዲስ ችግኝ ከነታርጋው ተተክሎ አገኘች።

«በመጥረቢያ ከታትፌ ብስባሹ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኳት» አለ ባሏ፣ ውለታ እንደዋለ ሁሉ።

ከንዴቷ ሐዘኗ ባሰ። እናቷ ዳግመኛ የሞቱ መሰላት። ወደ ብስባሹ በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቃ የቀረች አንዲት አበባ ከነአጭር ዘንጓ አነሣችና ብርጭቆ ውስጥ አድርጋ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠቻት።

ቅዳሜ ባለሙያዋ መጣች። ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ገና ወጣት ሴት ናት። ቀያሹ ኮቱን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ያስጎበኛት ጀመር።

«ይሄ እንኳን ጥቁር ከፋይ አይደለም» አለች በትሕትና። «ሻጩ አታልሎዎታል።» ንግሥቲቱም ንግሥት አልሆነችም። ሰባተኛው ታርጋ ላይ ሲደርሱ የቀያሹ ግንባር በላብ ተጠምቆ ነበር።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ ባለሙያዋ ቆም ብላ አሸተተች። ፈቃድ ጠይቃ፣ ቀያሹን አስከትላ ገባችና አበባዋን ከብርጭቆው አንሥታ ቅጠሉን ገለበጠች፤ እሾሁን ዳሰሰች።

«ይህችን እኮ ጠፍታለች ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር!» አለች። «የድሮ ዝርያ ናት። ቅጠሏ ሰባት ስለሆነ ሰዉ የዱር እየመሰለው ነቅሎ ጨረሳት። እርስዎ እንዴት አወቋት?»

ቀያሹ ዓይኑን በጨው አጠበ። «እኔ ድሮም በቅጠል ቆጠራ አላምንም» አለ።

ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ልትውጠው ምንም አልቀራት።

«ታዲያ ግንዷ የታለ?» አለች ባለሙያዋ።

«ተዛውራለች» አለ በመሥሪያ ቤት አነጋገር።

«ወዴት?»

«እስቲ ንገራት፣ ወዴት?» አለች ሚስቱ።

ቀያሹ ኮርኒሱን ያይ ጀመር።

«ትናንት ከታትፎ ብስባሽ ውስጥ ከቷታል፣ የኔ ልጅ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ባለሙያዋ አበባዋን በቀስታ ወደ ብርጭቆው መለሰች። «ይህቺ ዘንግ አጭር ናት፤ ሥር አታወጣም። ምናልባት ከታች ጉቶው ተርፎ እንደሆነ...» አለችና ስልክ ቁጥሯን ትታ፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።

ቀያሹ ከነኮቱ ወደ ጓሮ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አየችው፤ ጓንት የለ፣ አካፋ የለ፣ ብስባሹን በእጁ ይዝቃል። እሰይ፣ ይበለው፣ አለች በሆዷ። ቆይታ ግን አላስችላት አለና ወጣች። ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቷል፤ እጁን እሾህ ቧጭሮታል። ጭብጥ የምታህል፣ አንድ ሥር የቀራት ጉቶ ዘረጋላት።

«ይህች ትሆን?»

ልብስ ሰፊዋ ልጡን በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሳትደብቅ አለቀሰች። «ራሷ ናት» አለች።

ቀያሹ መስኮቱ ሥር ሄዶ አዲሱን ችግኝ ከነታርጋው ነቅሎ ወረወረው። አካፋ አምጥቶ ቆመ፤ አንዴ ጉቶዋን፣ አንዴ ሚስቱን እያየ።

«ስንት ልቆፍር?» አለ።

በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ልኬት ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«በቃ እስክልህ ቆፍር» አለችና በርጩማ አውጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።