የእማ ሐዋ ዘምዘም

የደሴው የሆጤ ሰፈር ጀላል ወሬ ሲጀምር፣ ሻሽ ሊገዛ ሱቁ የገባ ሰው ሻሹን ረስቶ ይወጣ ነበር። ጅዳ አራት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነውና ሁሉም ስለ ሙቀቱ ይጠይቀዋል። እሱም ዓይኑን ሳያሽ፣ የጅዳ ዶሮ የምትጥለው የተቀቀለ እንቁላል እንደሆነ፣ ጨው ይዞ ከኋላዋ መከተል ብቻ እንደሚበቃ ይናገራል። «ውሸት ከሆነ ጢሜን ላጩኝ» ይላል፤ ጢም የለውም። አንድ ነገር ግን አያደርግም፤ በወላሂ አይቀልድም። ሚስቱ መዲና የሱን እውነት ከቅጥፈቱ የምትለየው በዚያ ነበር። ወላሂ ካለ እውነት ነው፤ ካላለ ሳቅ ብሎ ማለፍ ነው።

በቤቱ ውስጥ የማይቀለድበት ሌላም ነገር ነበር፤ የዐሊማ በሽታ። ዐሊማ ጅዳ ተወልዳ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ስኳር የያዛት ልጃቸው ናት። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጠዋትና ማታ እናቷ መርፌ ትወጋታለች። ጅዳ ሳሉ መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከወተቱ ጎን ይቀመጥ ነበር። የመኖሪያ ወረቀታቸው አልታደስ ብሎ ደሴ ሲገቡ ግን ጀላል ትልቅ ገንቦ ገዝቶ፣ ውስጡ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጦ፣ መሀላቸውን በእርጥብ አሸዋ ሞላው። «ይኼ የደሴ ፍሪጅ ነው፤ መብራት ቢጠፋ የማይደነግጥ» አለ። ይቺን እንኳ ያለው ልጅቷን ለማሳቅ ነው።

መድኃኒቱን የሚልከው ጅዳ የቀረው የመዲና ወንድም ዓብደላ ነው። በመርከብ አሰብ ይደርሳል፤ ከአሰብ ሾፌሩ ደጉ በከባድ መኪናው ኮምቦልቻ ያደርሰዋል። በየአርባ ቀኑ ሁለት ብልቃጥ። ጀላል ኮምቦልቻ ወርዶ ይቀበልና፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ወደ ደሴ ይወጣል።

በዚያ ሰሞን የኮንትሮባንድ ፍተሻ ጠብቆ ነበር። ከሐረጎ ዳገት ስር ካለው ኬላ ላይ፣ እድሜው ከሱ የሚበልጥ ጠመንጃ ያነገተ እንድሪስ የሚባል ጠባቂ ወደ አውቶቡሱ ገባና ጥቅሉን ፈታው። ውሃ የመሰለ ነገር የያዙ ሁለት ብልቃጦች።

«ይኼ ምንድነው?»

የሐኪሙ ወረቀት ከጀላል የደረት ኪስ ነበር። ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን አውቶቡሱ ሙሉ ሰው አንገቱን አስግጎ ያየዋል፤ ይህን ያህል ጆሮ ባንድ ቦታ ተሰብስቦ ደግሞ ዝም ብሎ አያውቅም።

«ዘምዘም ነዋ! የመካ ውሃ!»

«በዚህች ብልቃጥ?»

«ምን ታደርገዋለህ፣ የዘንድሮ ሐጃጅ በዛ፤ በጠብታ ሆኗል የሚታደለው። እኔማ ግመል ተከራይቼ ስሟን አስመዝግቤ፣ የሷን ድርሻ ጨምሬ ነው ሁለት ያደረስኩት።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እንድሪስ ግን አልሳቀም።

«ወላሂ በል።»

ሰው ሁሉ አንገቱን እንዳሰገገ ይጠብቃል። ጀላል ዛሬም ድረስ ያቺን ቅጽበት መልሶ መላልሶ ያያታል። ወረቀቱ ደረቱ ላይ ነበር።

«ወላሂ» አለ።

እንድሪስ ቆቡን አወለቀ። «እናቴ አልጋ ከያዘች ከረመች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነፍሴ ስትወጣ ከንፈሬን የምታርሱበት ዘምዘም አጣሁ እያለች ነው የምታለቅሰው። አላህ ነው የላከህ፣ ወንድሜ።» አንዱን ብልቃጥ በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። ጀላል እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ ወረቀቱን ሳያወጣው መለሰው። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ አውቶቡሱ ዳገቱን ተያያዘው።

ቤት ሲገባ «በዚህኛው ዙር አንድ ነው የላከው» አላት መዲናን። ወላሂ አላለም፤ እሷም በመድኃኒት ይቀልዳል ብላ ስላልጠረጠረች አልጠየቀችውም። ወንድሟን ረገመች። «ሚስት አገባና ረሳን» አለች። እስከ አርባው ቀን እንዲያደርሳቸው መርፌውን በግማሽ ቀነሰችው። ጀላል አጠገቧ ቆሞ ስትቀንስ ያይ ነበር።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ዐሊማ አንድ ማሰሮ ውሃ ጨርሳ ሌላ ለመነች። ትንፋሿ ከልክ በላይ እንደበሰለ ሙዝ ይሸት ጀመር። ጀላል ሱቁን ክፍቱን ጥሎ፣ ተሸክሟት ከመዲና ጋር ሐኪም ቤት ሮጠ።

ሲስተር ሸዋረጋ መርፌውን ወግታ፣ የሚንጠባጠበውን የጨው ውሃ ሰቅላ ስትጨርስ ወደነሱ ዞረች። «ያለኝ እስከ ነገ ጠዋት ነው። መድኃኒት የጫነው መኪና ገና መንገድ ላይ ነው። እናንተ ጋ ምን ቀረ?»

«ምንም» አለች መዲና። «ስትከሳብኝ መልሼ ሙሉውን ስወጋት ትናንት አለቀ። ወንድሜ አንድ ብቻ ልኮ ገደለብኝ።»

«ሁለት ነበር» አለ ጀላል።

«አንተ ሰው፣ አሁን ደግሞ ልትቀልድ ነው?»

«ወላሂ ሁለት ነበር፣ መዲና።»

አልጮኸችም። ሁሉንም እስኪነግራት ሰማችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ልጅቷ መለሰችና፣ «ወላሂን እዚያ አውቶቡስ ላይ ነው የጨረስካት» አለች። «ሂድ። ይዘህ ና።»

እንድሪስን ኬላው ላይ አገኘው። ሲናዘዝለት እንድሪስ የጠመንጃውን ማንገቻ አጥብቆ ይዞ ነበር። ጀላል ይመታኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመታውም ደስ ባለው። እንድሪስ ግን፣ «እኔ አልነግራትም። ራስህ ንገራት» ብሎ ኮምቦልቻ ወዳለው ቤቱ ይዞት ሄደ።

እማ ሐዋ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ከብርድ ልብሱ በላይ ፊታቸው ብቻ ይታያል።

«እማ፣ ዘምዘሙን ያመጣው ሰው ነው።»

«ውይ፣ ልጄ! አላህ ዘርህን ያብዛው! ና ቅረብ፣ ጭንቅላትህን ልዳብስ።»

ጀላል ተንበረከከ። የደረቀው እጃቸው አናቱ ላይ እንዳለ ነገራቸው፤ ዘምዘም እንዳልሆነ፣ የልጁ መድኃኒት እንደሆነ፣ ልጁ ሐኪም ቤት እንደተኛች። እጃቸው አናቱ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እንድሪስ፣ ከእንስራው ስር አውጣለት።»

ብልቃጡ በነጭ መሀረብ ተጠቅልሎ፣ ሁልጊዜ ውሃ በሚንጠባጠብበት አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ክዳኑ አልተነካም። ሲነካው እንደ ደሴው ማሰሮ ይቀዘቅዛል።

«የተባረከ ነገር ፀሐይ አይንካው ብዬ ነው» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ሃያ ስምንት ቀን ሞትን ሳልፈራ ተኛሁ። እሱ አለልኝ እያልኩ። አሁን እንደገና ልፈራ ነው።»

«እማ ሐዋ፣ እውነተኛውን ከጅዳ አስመጣልዎታለሁ፤ ወላ...»

«ተው» አሉት። «እሱን አትበለኝ። ልጅህ ዘንድ ሂድ።»

ዐሊማ ዳነች። በሳምንቱ ሆጤ ተመልሳ፣ «አባ፣ የጅዳን ዶሮ ንገረኝ» አለችው። ጀመረላት፤ ጨው ላይ ሲደርስ ጠፋበት።

በአርባው ቀን ደጉ ከሁለቱ ብልቃጥ ጋር አንዲት የታሸገች ትንሽ ጀሪካን አመጣ። ጀላል ደውሎ ለምኖት፣ ዓብደላ ራሱ መካ ሄዶ የቀዳው ዘምዘም ነበር። ጀላል ደሴ ሳይወጣ በቀጥታ እማ ሐዋ ዘንድ ወሰደው። ጀሪካኑን ደረታቸው ላይ አስቀምጠው ዳበሱት። ከዚያ ዓይናቸውን አነሱ።

«ይኼስ እውነተኛው ነው?»

ጀላል አዎ አለ። ቀጥሎ የሚባለውን ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። ይህን አንዱን እውነቱን የሚያጸናበት መሐላ አልነበረውም።

እማ ሐዋ ዓይናቸውን ወደ ጀሪካኑ መለሱ።

«አላህ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። ጀሪካኑንም እንስራው ስር እንዲቀብረው ለእንድሪስ ሰጡት።