የግራው ፔዳል

«ወዴት ነው? ቁጭ በይ!»

አክስትየዋ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ ይዛ ሶፋው ላይ መልሳ አስቀመጠቻት። ቤተሰቡ ይህችን አክስት «ትራፊክ» ይላታል፤ ሰው ማስቆምና ማስቀመጥ ነፍሷ ነው። ልብስ ሰፊዋ አንድ ልጇን ቀብራ ከተመለሰች ወዲህ ከዚህ ሶፋ የምትነሳው ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። እሱንም በሁለት ሴት ታጅባ፣ እንደ እስረኛ።

«ልጄ ክፍል ልግባ» ልትል ነበር። ድምፅ አልወጣም። በልቅሶ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ከአፏ የሚወጣው ነፋስ ነው። አክስትየዋ ግን የሰማች ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

«አዎ የኔ እናት፣ አዎ። እሱ ያጽናሽ። ቡና ስጧት!»

ከፔርሙዙ ተቀዳላት። ዙሪያውን ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ሁሉ ሰው። መስኮቱ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ ተዘግቷል።

ከኮሪደሩ ማዶ፣ ከልጇ ክፍል፣ ጎማ በባዶው ሲሽከረከር ተሰማ። ቀጥሎ ብረት በብረት ላይ ሲላተም።

«ማነው እዚያ?» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

«ወንድሟ ነው፣ መካኒኩ። እጁ ሥራ ካልያዘ ያብዳል። ልጁ ሲሠራት የነበረችውን የተራራ ብስክሌት ልጨርስለት ብሎ ነው። ለጓደኞቹ ይሰጣቸዋል፣ ከተራራ ያወርዱባታል።»

«ይባረክ። አጎት ማለት እንዲህ ነው።»

«ልጁ የግራ ፔዳሏ ላይ ብረት ደራርቦ ጉብ አድርጎባታል አሉ። እሱን ቆርጦ ይጥልና ደህና ጥንድ ፔዳል ይገጥምላታል።»

ቡናው ልብስ ሰፊዋ ጉልበት ላይ ፈሰሰ።

«አየሽ? ሲኒ እንኳ መያዝ አቅቷታል» አለች አክስትየዋ። «ማንም እንዳያስነሳት!»

ልጇ ከተወለደ ጀምሮ ግራ እግሩ ከቀኙ ያጥር ነበር፤ ብዙ አይደለም፣ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። አባትየው ልጁ በእግሩ ሳይሄድ ጥሏቸው ስለሄደ አላየውም። ልጁ ትንሽ ከፍ ሲል፣ የሚያነክስ ጎረምሳ ሲሰደብ አይቶ ሮጦ ገባ።

«እማ፣ እኔንም እንደሱ ይሉኛል?»

«ምን ሲደረግ!» አለች።

የዚያኑ ቀን ወፍራም ቆዳ ቆርጣ፣ ደራርባ ሰፍታ የግራ ጫማው ውስጥ ከተተችለት። የሱሪውን የግራ እግር እጥፋት ደግሞ ከቀኙ ከፍ አደረገችው። ከዚያ በኋላ በእጇ ሳያልፍ የለበሰው ሱሪ የለም። ልጁም ማነከሱ እንዳይታወቅ ቀስ ብሎ መራመድ ለመደ። አጎቱ መካኒኩ ባየው ቁጥር «መጣ ደግሞ የመሬቱ ባለቤት! እሱ አይቸኩል፣ መሬቱ የራሱ!» እያለ ይስቅበታል። ልጁም አብሮት ይስቃል። እናትና ልጅ ማታ ሲገናኙ ግን ስለዚህ አያወሩም።

ብስክሌቷን ሲጀምር ባዶ አጥንቷን ነበር ይዞ የገባው። ጎማው ከአንዱ፣ የፊቱ ሞላ ከሌላው፣ ፍሬኑ ከማን እንደመጣ አይታወቅም። ክፍሉ ጋራዥ ሆነ።

«ተሠርታ ያለቀች ለምን አትገዛም?» አለችው እናቱ።

«እማ፣ አንቺም ይህን ትያለሽ? ተሠርቶ ያለቀ ሱሪ ልኬ ሆኖ ያውቃል?»

ሥራዋን ትታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ቁልቁለት ላይ ቁጭ አይባልም» ብሎ አስረዳት። «ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርገሽ፣ ጉልበትሽን ሰበር አድርገሽ ትቆሚባታለሽ። እኔ ስቆም ወገቤ ወደ ግራ ያዘነብላል። ድንጋይ ስመታ ወደ ግራ ትጥለኛለች።»

ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ወስዶ ለካ። አልሙኒየም ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ የግራው ፔዳል ላይ በብሎን አሰረው። ከዚያ ብስክሌቷን ያዥልኝ አላት። ጫማውን አውልቆ ወጣባት።

«እይኝ እማ። በባዶ እግሬ!»

ደንበኛዋን እንደምታይ ከኋላ ቆማ አየችው። ሁለቱ ትከሻው አንድ መስመር ላይ ነበር። ባዶ እግሩን ቀጥ ብሎ ሲቆም ያን ቀን አየችው፤ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም።

የገደለው ተራራ አይደለም። ሆዱን ያመው ጀመር። «ምንም አይደለም» አላት። መደበቅ ለምዷል፤ ማን እንዳስለመደው ታውቃለች። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሐኪም ቤት ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር።

ሱሪውንና ጫማውን አክስትየዋ ገና ከቀብር ሳይመለሱ በኬሻ አስራ ለነዳያን ሰጥታለች። «ስታየው ነው የምትቃጠለው» ብላ፣ ለደግነት። በልኩ የተሠራ የቀረ ነገር ቢኖር ያ ፔዳል ነው።

ታዲያ ምን ትበል? ብትናገር፣ ልጇ እስከ ሞቱ የደበቀውን እዚህ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ልትሰጠው ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሰፈሩን ይዞረዋል። ዝም ብትል ደግሞ ፔዳሉ ይቆረጣል።

ከኮሪደሩ ማዶ መጋዝ መጮህ ጀመረ።

ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አክስትየዋ የሹራቧን ጫፍ ጨበጠች። «ቁጭ በይ ብዬሻለሁ!»

ልብስ ሰፊዋ አልታገለችም። ቁልፎቹን ፈታች፣ እጆቿን አወጣች፣ ሹራቡን እዚያው አክስትየዋ እጅ ላይ ትታው ሄደች።

መካኒኩ ተንበርክኮ ብሎኑን ይገዘግዛል። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንቺ! ማን ለቀቀሽ? ሂጂ ተቀመጪ፣ እኔ አሳምሬ እጨርስልሻለሁ። ይሄ ብሎን አልፈታ ብሎኝ ነው እንጂ... ልጁን ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ እኮ። ይህን የሚያህል ጉብታ! ሰው ቢቆምበት አይገለበጥም?»

የመጋዙን እጅ ያዘችው። ኮሪደሩ በኮቴ ተሞላ፣ ሴቶቹ እየመጡ ነው። ወንድሟ ልጅ ሳለ ታደርገው እንደነበረው ጆሮውን ይዛ ወደ አፏ ጎተተችውና በዚያ ነፋስ በሆነ ድምፅዋ ነገረችው።

መካኒኩ ቀና አላለም። ፔዳሉን አየ። በአውራ ጣቱ ውፍረቱን ለካው።

«እኔ እኮ...» አለ። «እኔ እኮ አረማመዱን ስንት ጊዜ...»

«አብሮህ ይስቅ ነበር» አለች።

መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ። ብሎኑ ተጭሯል እንጂ አልተቆረጠም። የረገፈውን የብረት ብናኝ በመዳፉ ጠረገና እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ምን አለችህ?» አክስትየዋ ሹራቡን እንደያዘች በር ላይ ደረሰች። «ምን አለች?»

«ምንም። ብስክሌቷ እንዳለች ትቀመጥ ነው የምትለው።»

«እንዴ፣ ጓደኞቹስ?»

«አትሰጥም አልኩሽ!»

ጮኸ። ከዚያ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፣ ያን ሁሉ ቀን ያላለቀሰው ሰውዬ።

ከአክስትየዋ ኋላ አንገቶች ሰገግ አሉ። አንዷ በእግር ጣቶቿ ቆማ «እስቲ እንያት፤ የቱ ጋ ነው ጉብታው?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ብስክሌቷን አዞረች። ፔዳሉ ያለበትን ግራ ጎኗን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ቀስ ብላ አስደገፈቻት።