ከዐወድ ጋራዥ የወጣው ባንኮኒ

ዐወድ መኪናውን የሸጠው አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ በሆነች ማግስት ነው። ከኩርሙክ እስከ ነቀምት ያለውን መንገድ ዕድሜውን ሙሉ በፊያት የጭነት መኪና ሲመላለስ የኖረ ሰው ነበር። አሁን ግን ቀኑ ዘንበል ሲል ዐይኑ ጉድጓዱን ከጥላው መለየት እያቃተው መጣ። አንድ የጊምቢ ነጋዴ ፊያቱን ሊገዛ መጣና ተስማሙ። ዐወድ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ጓሮ ዞረ፤ መኪናው ከግቢው ሲወጣ ማየት አልፈለገም።

የቀረለት ጋራዡ ነው። ቆርቆሮ ለብሷል፤ በሩ ፊያቱን ከነጭነቱ ያስገባል። ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ ደርቋል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ለካሶኒ መጠገኛ ያጠራቀመው የዋንዛ ጣውላ ተከምሯል። ካሶኒው፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው የመኪናው የእንጨት ሳጥን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰበር ስለነበር መጋዝና መዶሻ ለዐወድ እጅ እንግዳ አልነበሩም። ባዶው ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብሎ መዋል ባበዛ ጊዜ ሚስቱ ኢቲዳል፣ "አቡ ኢንቲሳር፣ ወይ አንድ ነገር ሥራበት፣ ወይ ፍየሎቹን ላስገባበት" አለችው። በቤታቸው የሚነጋገሩት በበርታ ቋንቋ ነው። ኢንቲሳር ታላቅ ልጃቸው ናት፤ ያኔ ሰርጓ ደርሶ ነበር።

ዐወድ ለልጁ የሰርግ አልጋ ሊሠራ ተነሣ።

ነገር ግን እሱ በሕይወቱ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሊጥና ማንጎ ተጭኖበት በኮረኮንች መንገድ የሚንገላታ ካሶኒ። አልጋውንም እንደዚያው ሠራው። እግሮቹ የቤት ምሰሶ ያህላሉ። በየማዕዘኑ ብረት አልብሶ፣ በምስማር ፈንታ ቡሎንና ዳዶ አስገብቶ፣ በመኪና ቁልፍ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። በሰርጉ ቀን የሙሽራው ሚዜዎች ሊያነሡት ሞከሩ፣ መልሰው አስቀመጡት፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ከዳሱ ሌላ ሰው ጠሩ። የሙሽራው አጎት እየዞረ ካየው በኋላ፣ "ይህ አልጋ የቀረው ጎማ ብቻ ነው፤ ጎማ ቢገባለት ነቀምት ይደርሳል" አለ።

ሰርገኛው ሳቀ፣ ዐወድም አብሮ ሳቀ። ቀልዱ ግን እዚያ አልቀረም። ገበያ ደረሰ፣ መስጊድ በር ላይ ተወራ፣ ከባምባሲ የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ "ያ ነቀምት የሚሄደው አልጋ የት ነው?" ብለው ይጠይቁ ጀመር። ቀጥሎ የሠራው ወንበርም ያው ነበር። እንግዳው ወደ ወንበሩ ይሄዳል እንጂ ወንበሩ ወደ እንግዳው አይመጣም። ማንም አላዘዘውም። ዐወድም መሣሪያውን ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ከተተና የፍየሎቹን ነገር ማሰብ ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ሰንበቴ የምትባል የወለጋ ሴት ከባምባሲ ወደ አሶሳ መጥታ የብረታ ብረት ሱቅ ከፍታ ነበር። አዲስ ከተማ እየተሠራ ስለሆነ ምስማሩም፣ ቀለሙም፣ ማጠፊያውም ከመኪና ሳይወርድ ነው የሚሸጠው። መደርደሪያዋን የሠራላት የአገሯ ልጅ ቶሌራ ነው። ቶሌራ እጁ የተባረከ ወጣት አናጢ ነበር፤ በመላጊያ ልጎ የለቀቀው እንጨት ሲነኩት እንደ ሐር ይለሰልሳል። የሠራውም መደርደሪያ ስስና ቀጥ ያለ፣ ለዐይን የሚጥም ነበር። ሽቶና ጨርቅ ቢደረደርበት ዕድሜ ልኩን ይቆም ነበር። ሰንበቴ ግን ምስማር በየካርቶኑ፣ ቀለም በየባልዲው ጫነችበት።

አንድ ጠዋት ሱቋን ከፍታ ወደ ውስጥ ሳትገባ መደርደሪያው አቃሰተ፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ተደረመሰ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። አረንጓዴ ቀለም ግን ደጃፉን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ፤ ለብዙ ቀን እግሮቿ አረንጓዴ የሆኑ የጎረቤት ፍየል በከተማው ስትዘዋወር ታየች። ቶሌራ መጥቶ ፍርስራሹን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ሰንበቴ አልጮኸችበትም። ጫማዋን ጠራርጋ፣ ስለዚያ ስለሚቀለድበት አልጋ ሠሪ ጠይቃ፣ ቀጥታ ወደ ዐወድ ግቢ ሄደች።

ዐወድን ያገኘችው ጋራዡ በር ላይ ነው። አልጋውን የሠራው እሱ መሆኑን ጠየቀችው። ዐወድ ሌላ ቀልድ የመጣበት መስሎት ወደ ውስጥ ሊመለስ ዞረ።

"እኔ የሚያምር ነገር አልፈልግም" አለች ሰንበቴ። "የሚያምረውን አይቼዋለሁ፣ መሬት ላይ ነው ያለው። የማይወድቅ ነገር ይሥሩልኝ።"

የዐወድ አማርኛ የመንገድ አማርኛ ነው፤ ከሹፌርና ከኬላ ጠባቂ የተማረው ስለሆነ ሴቱም ወንዱም በእሱ አፍ ወንድ ነው። "አይወድቅም" አላት። "አንተ ትወድቃለህ፣ እኔም ይወድቃለሁ፣ እሱ አይወድቅም።"

ሰንበቴ እሷም አማርኛ የለመደችው በንግድ ነውና አንተ መባሏን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ሰንሰለትና ከባድ ብረት ሲወረወርበት የማይሰነጠቅ ረጅም ባንኮኒ እንደምትፈልግ ነገረችው። ስትወጣ ዐወድ ሳጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን አንድ በአንድ አውጥቶ ወለሉ ላይ ደረደረ። ኢቲዳል ከማድ ቤት ሆና የመጋዙን ድምፅ ሰማች፤ የባሚያውን ወጥ እያማሰለች ለብቻዋ ፈገግ አለች።

መደርደሪያው አልቆ ሱቁ ውስጥ ሲቆም ሰንበቴ የሱቁን ምስማር በሙሉ አንድ እርከን ላይ አስጫነችው። ንቅንቅ አላለም። ይህን ያየ ሰው ሁሉ አወራ፤ ወሬው ቶሌራም ጆሮ ገባ። ቶሌራ ሁለት ቀን ሲያንገራግር ቆይቶ በሦስተኛው ወደ ጋራዡ መጣ። ዐወድ የባንኮኒውን አጥንት ገጣጥሞ ነበር። ቶሌራ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየው፣ በእጁ ገፋው፣ በክርኑ ተደገፈው። ባንኮኒው እንደ ቋጥኝ ነው። ከዚያ ጣቱን በእንጨቱ ላይ አንሸራተተና ስንጥር ወጋው።

"ጋሽ ዐወድ" አለ ጣቱን እየጠባ፣ "የእኔ ሥራ ወደቀ። የእርስዎ አይወድቅም፣ ግን ይናከሳል። አብረን ብንሠራስ?"

ዐወድ ስንጥሩን በጉጠት ካወጣለት በኋላ መላጊያውን አቀበለው። መልሱ ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከጋራዡ የሚሰማው የመጋዝ ድምፅ ብቻ አልሆነም፤ ክርክርም ተጨመረበት። ቶሌራ እንጨት በእንጨት መያያዝ አለበት ይላል፤ አንዱን በስቶ፣ ለሌላው ምላስ አውጥቶ፣ ኮላ ቀብቶ አጣብቆ። ዐወድ ደግሞ ያለ ቡሎን የሚሠራን ሥራ ሥራ አይለውም። በኮላ የተጣበቀ ነገር ሲሰበር ተሰብሮ ይቀራል፣ ቡሎን ግን ይፈታል፣ ተፈትቶም ይታሰራል ባይ ነው። በመጨረሻ ተስማሙ። ቡሎኑ ይገባል፣ የቡሎኑ ራስ ግን እንጨቱ ውስጥ ሰምጦ በላዩ ክብ የእንጨት ውታፍ ይደፈንበታል። ቶሌራ ውታፉን በኮላ ሊያጣብቅ ሲል ዐወድ እጁን ያዘው። እንዳይጣበቅ፣ በመዶሻ ብቻ ገብቶ እንዲቀር አደረገ። ቶሌራ የሽማግሌ ግትርነት ነው ብሎ ተወው።

የባንኮኒውን ፊት ለማልበስ ጣውላው አልበቃ አላቸው። ክረምቱ ገብቶ የመንዲ መንገድ ጭቃ ስለሆነ ከወለጋ እንጨት አይመጣም። ያኔ ዐወድ ገጀራውን ይዞ ወጣና ከከተማው ጀርባ ሽመል፣ የቆላውን ቀርከሃ፣ ቆርጦ መጣ። አባቱ ጎተራ ሲሠራ እያየ ያደገ በመሆኑ ሽመል መሰንጠቅ አልጠፋውም። ቶሌራ መጀመሪያ ሽመልን ከአጥር ጋር ብቻ አያይዞ ስለሚያውቀው ቅር አለው። ዐወድ ስንጥቆቹን ጎን ለጎን ሲደረድራቸው፣ ራሱ ቶሌራም በቫርኒሽ ሲቀባቸው፣ የባንኮኒው ፊት እንደ ማር ወርቃማ ሆነ። ቶሌራ ብሩሹን እንደያዘ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው። ሰንበቴም ልታይ መጥታ፣ የሚያምር ነገር አልፈልግም ያለችውን ረስታ በእጇ ደባበሰችው።

የማስረከቢያው ቀን የቅዳሜ ገበያ ነበር። ባንኮኒው በመኪና ይሂድ ቢባል ሁሉም መኪና የገበያ ዕቃ ጭኗል። ስለዚህ በሰው ሸክም ይሂድ ተባለ። የሰንበቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፣ የዐወድ የመስጊድ ወዳጆች መጡ፣ የኢንቲሳር ባል ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ፤ እነሱ የዐወድን ሥራ ክብደት ስለሚያውቁ ትከሻቸው ላይ ጨርቅ አጥፈው ነበር። በጋራዡ ሰፊ በር ያለ ችግር አወጡት። ዐወድ ከፊት ሆነ። እጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ጉድጓድ ሲያይ "ቀስ"፣ መታጠፊያ ሲደርስ "ግራ፣ ግራ፣ በቃ" እያለ መራቸው። ተሸካሚዎቹ ዘፈን ጀመሩ። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በበርታ ይቀባበል ነበር፤ ቃሉ ባይገጥምም እግራቸው ገጠመ። ገበያተኛው ከኋላ ተከተለ። ቅዳሜም ቢሆን ሥራ ላይ የነበሩ የአዲሱ ክልል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ዘፈኑን ሰምተው ወጡ። ቢሮአቸው ገና ጠረጴዛ ስላልገባለት በካርቶንና በሳጥን ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሠሩት፤ ወርቃማውን ባንኮኒ ሲያዩ ዐይናቸው እስኪያልፍ ተከተለው።

ሱቁ በር ላይ ሲደርሱ ባንኮኒው አልገባም አለ። በጎን ሞከሩት፣ አቆሙት፣ አጋደሙት። የሱቁ በር ጠባብ ነው። ዘፈኑ ቆመ። የቶሌራ ፊት እንደዚያ መደርደሪያው የተደረመሰ ቀን ሆነ።

ዐወድ ግን አልተደናገጠም። ከኪሱ የመኪና ቁልፍ አወጣ፣ የውታፎቹን ጫፍ በመሮ ቆንጠር ቆንጠር አድርጎ ነቀለና ቡሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ቶሌራ ለትንሽ ጊዜ አፉን ከፍቶ አየው፤ ከዚያ ሳቁ መጣበትና መሬት ላይ ተቀመጠ። እየሳቀ ዳዶዎቹን በባርኔጣው ይለቅም ገባ። ባንኮኒው ተበታትኖ በጠባቡ በር አለፈና ውስጥ ተመልሶ ታሰረ። ውታፉ ቦታው ገባ። ተፈትቶ እንደነበር የሚያሳይ አንድም ምልክት አልነበረበትም።

ሰንበቴ ደልደል ያለች ሴት ናት። ጫማዋን አወለቀች፣ ወንበር አስመጥታ ባንኮኒው ላይ ወጣች፣ ተራመደችበት፣ በእግሯ መታችው፣ ከዚያ ሕዝቡ ፊት ሁለት ጊዜ ዘለለች። ባንኮኒው ድምፅ አላሰማም። የሰርግ ያህል እልልታ ተነሣ። ሰንበቴ ከላይ ሆና እጇን ወደ ዐወድ ዘረጋች።

"አባባ፣ እግዜር እጅዎን ይባርክ" አለችው።

"የእሱንም" አለ ዐወድ ወደ ቶሌራ እያመለከተ። "እኔ ብቻ ቢሆን አንተ ስንጥር ይወጋህ ነበር።"

ሰኞ ጠዋት ቶሌራ መሣሪያውን በጆንያ ይዞ ወደ ዐወድ ጋራዥ ሲመጣ በሩ ላይ ሰዎች ቆመው አገኘ። ከአንደኛው መሥሪያ ቤት የተላኩ ናቸው፤ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና የስብሰባ አግዳሚ ወንበር ይፈልጋሉ፣ ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅም ሰልችቷቸዋል። ዐወድ በደስታ ቸኩሎ ሊያስገባቸው ሲል ኢቲዳል ከማድ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"እኔ ዕቃዬን መሬት ላይ ደርድሬ ስንት ዘመኔ ነው" አለች በበርታ። "የክልሉ ጠረጴዛ ከእኔ ቁም ሳጥን በኋላ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው።"

ዐወድ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ተረጎመላቸው። ሰዎቹ ተያዩና ትልቁ፣ "እሳቸው ከተናገሩ እንግዲህ እንጠብቃለን" አለ። ኢቲዳል የማንጎ ቅርጫት አምጥታ ከዛፉ ጥላ ሥር አስቀመጠችላቸው። ከዚያ ወደ ጋራዡ ገብታ ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ዘረጋች፣ ቁም ሳጥኑ እስከዚያ ብቻ እንዲደርስ፣ ታችኛው መሳቢያም ጎንበስ ሳትል እንዲከፈትላት አሳየች። ዐወድ ክንዷን በሜትሩ ሲለካ ቶሌራ ቁመቱን በከሰል ጣውላው ላይ አሰመረ። ውጭ ያሉት ሰዎች የማንጎ ፍሬ እየመጠጡ ስለ ጠረጴዛቸው እግር ውፍረት ይከራከሩ ጀመር።