የእሜቴ ግቢ

ሀብተ ሥላሴ የጥጥ እርሻው ቀያሽ ነበር። ከአዋሽ ወንዝ እየተጠለፈ ወደየማሳው የሚሄደው ውሃ የሚያልፍበት ቦይ ሁሉ የእሱ የእጅ ሥራ ነው። በ1959 ዓ.ም. ግን ከቦይ የባሰ ሐሳብ ያዘው። የዝሆን ቤት!

እናቷን አዳኞች የገደሉባት አንዲት የዝሆን ግልገል ከሐረር ቆላ ተንከራትታ መጥታ፣ በቦዩ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅራ ተገኘች። ሠራተኛው በገመድ ጎትቶ አወጣት። አዋሽ ሰባት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሆቴል ያላት የወሎዋ ሀጂራ ደግሞ ወተት በባልዲ እያቀረበች አሳደገቻት። ግልገሏ ባልዲው ሲዘገይባት እንደ ባላባት ሚስት ስለምትቆጣ ስሟ "እሜቴ" ሆኖ ቀረ።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ አቶ ተክለ ማርያም የሚያስጎበኙት ነገር ይወዳሉ። የአራዊት ማሳያ ግቢ ለማቋቋም ቆረጡና ሀብተ ሥላሴን ጠሩት።

"ወፍራም ብረት ይገዛና ፍርግርግ ይሠራላት" አሉ።

ሀብተ ሥላሴ በልጅነቱ በጠባብ ፍርግርግ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል ነብር አይቶ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ የብረት ቤት የሚባል ነገር አይወድም።

"ፍርግርግ አያስፈልጋትም ጌታዬ" አለ። "ዝሆን አይዘልም። ዙሪያውን ቦይ ብንቆፍር ይበቃል። መሀል ላይ የምትንከባለልበት ጭቃ፣ የግራር ጥላ፣ ገላዋን የምታክበት ጉቶ እናዘጋጅላት። ከወዲያ በኩል ለዱር አህያና ለባለ ረጅም ቀንዱ ሳላ ደረቅ ሜዳ እንተውላቸው። እነሱም እያለቁ ነው።"

"ብታመልጥስ?"

"በፍጹም አታመልጥም!"

"እንግዲያው እንደ ቃልህ። በምረቃው ቀን አንድ እግሯ ከወጣ ግን በዕለቱ ባቡር ተጭና ትሄዳለች። አዲስ አበባ የብረት ቤት አሠርቶ የሚጠብቃት ባለጸጋ አለ።"

አፉን ሞልቶ የተናገረ ሰው እንቅልፍ የለውም። ሀብተ ሥላሴ ንድፉን እየሰረዘ እየደለዘ፣ የግራሩ ጥላ በየሰዓቱ የት እንደሚወድቅ ለማየት በዚያ እሳት በሆነ ፀሐይ ቆሞ ይውል ጀመር። ሀጂራ ሻይ ይዛለት ስትመጣ አንጀቷ አልችል አለ።

"ወንድም ሀብቴ፣ ወላሂ ለራስህ ቤት እንኳ እንዲህ አልለፋህም። ጣሪያህ ያፈሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"እዚህ አገር መቼ ይዘንብና ነው እታለም?"

ግቢው አለቀና እሜቴ ገባች። ሰሞኑን ከጭቃው ሳትወጣ ስለከረመች ወደ ቦዩ ዞር ብላም አላየች። ሀብተ ሥላሴም ልቡ አበጠ።

በምረቃው ጠዋት እንግዶቹ በባቡር መጡ። ዳስ ተጣለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሀጂራ የቆረጠችው ሀብሀብ ተከመረ። ለማንኛውም ተብሎ አንድ ባዶ ፉርጎ ጣቢያው ላይ ቆሟል። አቶ ተክለ ማርያም ንግግራቸውን ሲጀምሩ እሜቴ ኩምቢዋን ወደ ዳሱ ቀሰረች። የሀብሀቡ ሽታ ደርሷት ኖሯል። ወደ ቦዩ ቀረበች፣ በመቀመጫዋ ተንሸራታ ወረደች፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብላ ወጣች።

ሀብተ ሥላሴ ጥፋቱ የገባው ያን ጊዜ ነው። የመስኖ ቦይ ዳሩ ካልተንጋደደ ስለሚናድ እድሜ ልኩን ዳር እያንጋደደ ኖሯል። የዝሆኗንም ቦይ እንደዚያው እጁ እንደለመደው ቆፈረው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ማለት ይሄ ነው።

እንግዶቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። አቶ ተክለ ማርያም ወንበር ላይ ወጡ። እሜቴ ግን ማንንም ሳትነካ ሀብሀቡን ጠራርጋ በላች። ጭማቂው የሥራ አስኪያጁን ነጭ ኮት አዥጎረጎረው።

"ፉርጎውን ክፈቱ!" ብለው ጮኹ።

ሀብተ ሥላሴ ሮጦ ፊታቸው ቆመ። እሜቴ በብረት መሀል ወዲያ ወዲህ ስትል ታየችው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ። ዳሩን ቀጥ አድርጌ ማቆም ነበረብኝ። እኔን ያባርሩኝ፣ እሷን ግን ለብረት አይስጡብኝ።"

"ቃል ቃል ነው!"

ሠራተኞቹ ገመድ ይዘው መጡ፤ ደፍሮ የሚጠጋት ግን ጠፋ። እሜቴ ወደ ጥጡ ሄደች፣ አሸተተችና ተወችው። መንገዱም ጫካውም ክፍት ነው፤ የሚያግዳት የለም። ፀሐይዋ እየከረረች መጣች። እሜቴ ጆሮዎቿን አርገበገበች፣ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ዞራ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። ቦዩን ወርዳ ወጣችና ጭቃዋ ውስጥ ዘፍ አለች። በኩምቢዋ ውሃ እየሳበች ጀርባዋ ላይ ስትረጭ፣ የሸሸው እንግዳ ሁሉ እየሳቀ ተመልሶ ዙሪያውን ቆመ።

አቶ ተክለ ማርያም ከወንበሩ ወርደው እስከ ቦዩ ዳር ሄዱና እሜቴን አዩዋት።

"ምን ሆና ተመለሰች?" አሉ።

ሀብተ ሥላሴ ሊመልስ ሲል ሀጂራ ቀደመችው።

"ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ሆኖ ነው ይባላል እንዴ ጌታው?"

ሥራ አስኪያጁ በመሐረብ ኮታቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። "ነገ ዳሩን አቁመው" አሉ ለሀብተ ሥላሴ። "ቀጥሎ የዱር አህያውን ሜዳ ትጀምራለህ።"

"ፉርጎውስ ጌታዬ?" አለ ገመድ የያዘው ሠራተኛ።

"ጥጥ ጫኑበት።"

ሀብተ ሥላሴ እንባው መጣ። እሜቴ ያን ጊዜ ኩምቢዋን አነሳችና ያንን ሁሉ ጭቃ ፊቱ ላይ ረጨችበት። ማልቀሱን ማንም አላየበትም።