ተዘቅዝቆ የመጣው ኮንቴነር

አዳማ ውስጥ ከእኔ መወርወሪያ የሚፈጥን ነገር ቢኖር የከተማው ነፋስ ብቻ ነው። እሱንም አንድ ቀን ቀድሜው አቧራውን ሞጆ ላይ ቆሜ ተቀብዬዋለሁ። የማያምን ፍራንኮ ሰፈር ሄዶ የሸማ ነጋዴዋን እትዬ በላይነሽን ይጠይቅ። እኔ እሸምናለሁ፣ እሳቸው ይሸጣሉ።

ጣጣው ግን የመጣው በነፋስ ሳይሆን በመርከብ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ የእኛን ጥለት ጨርቅ ላይ እያተመ ይልከው ጀመር። እኔ አንድ ጥለት ጥዬ ወገቤን ሳላቀና እነሱ ላገሩ ሴት ሁሉ ያዳርሳሉ። ጎረቤቶቼ የነበሩት ሸማኔዎች ዕቃቸውን ሸጠው ኢንዱስትሪ ፓርክ ገቡ፤ የፈረንጅ ሱሪ ይሰፋሉ። ለእትዬ በላይነሽ የቀራቸው ተስፋ ዘንድሮ ያወጣነው አዲስ ጥለት ነበር። የጥር ሙሽሮች ከወደዱት ሱቁ ይተርፋል። ካልወደዱት ይዘጋል።

ይኼኔ ኢዩ መጣ። አዳማ ተወልዶ ውጭ ያደገ፣ አማርኛው በአፍንጫው የሚወጣ አስመጪ ነው። ስልኩን ደቅኖ፣

«እትዬ፣ ይቺን ዲዛይን ፎቶ ላንሳት» አለ። «ነጠላው ከቀሚሱ ጋር ተሰፍቶ ይመጣል። ማጣፋት የለ፣ ምን የለ፣ መልበስ ብቻ!»

«ጥለቴ የቦኖ ውሃ ነው እንዴ፣ ሁሉ የሚቀዳው?»

«እምቢ ካሉ አንድ ገዝቼ እልካለሁ። ገበያ ነው። ዓለም እኮ አንድ ሰፈር ሆኗል፣ እትዬ!»

«የአንድ ሰፈር ሰዎች ከሆንንማ ዕድር ግባ!»

ስቆ ሊወጣ ሲል ሱቁ ጥግ እግሬን ከከተትኩበት የሸማኔ ጉድጓድ ብቅ አልኩ።

«ያንሳ እንጂ፣ እትዬ! ግን ወንድሜ፣ ሙሽራ ነጠላ እንዴት እንደምትለብስ ታውቃለህ?»

«እንዴት?»

የእትዬን ልጅ ሊዲን ጠርቼ አለበስኳት። ጥለቱ ወደ ታች መውረዱ ቀርቶ ወደ ላይ፣ አንገቷ ዙሪያ። አዘቅዝቄ። እንዲህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት መሆኑን አገር ያውቃል። እናትየው ሊያማትቡ እጃቸውን ሲያነሱ ጠቀስኳቸው፤ በዚያው እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«ፈገግ በይ» አላት ኢዩ።

«የእኛ አገር ሙሽራ ጥርሷን አታሳይም» አልኩት።

ሊዲ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ስትነክስ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አቤት ስሜት!» ብሎ ከፊትም ከኋላም አነሳት።

ኮንቴነሩ ከጅቡቲ ለጥር ደረሰ። ፋብሪካው ምን ያድርግ፣ ያየውን ሰፋ። ጥለቱ አንገት ላይ በስፌት ተይዟል፤ መገልበጫ የለውም።

መጀመሪያ የገዛችው አንዲት ሚዜ ናት። ሰርግ ልትሄድ ባጃጅ ስትሳፈር ነጂው ጉቱ ዘፈኑን ዘጋ። «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናሽ እህቴ» ብሎ በቀስታ ነዳት፣ እንደ አስከሬን። ሰርጉ ቤት ስትደርስ ድንኳን ውስጥ የነበሩት እናቶች «ማን ሞተ?» ብለው አንድ ላይ ደረታቸውን ደቁ። ሊታረድ የተዘጋጀው በግ ሳይቀር አልቅሷል ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን በግ አይዋሽም።

ከዚያ በኋላ ያንን ቀሚስ ማን ይንካው! ሙሽሮቹ የእትዬ በላይነሽን መደርደሪያ ላጩት። እኔ ምሳ የምበላው በግራ እጄ እየሸመንኩ ነበር።

በሳምንቱ ኢዩ ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

«ጉድ ሠራችሁኝ!»

«ምነው ልጄ? ገበያ ነው» አሉት።

«በቃ ተሸውጃለሁ። አሁን በትክክሉ አሳዩኝና ላሳትም። ለሚቀጥለው ጥር ይደርሳል። ያኔ ምን ትሆናላችሁ?»

እውነቱን ነው፤ ይደርሳል። እትዬ በላይነሽ ግን ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«አንሳ! ሱቄ ክፍት ነው። ፋብሪካህን አስነሳው፣ መርከብህንም ጫን። ቀይ ባሕርን እስክትሻገር ድረስ እኛ ሌላ ጥለት እንጥላለን። እሱንም ስትገለብጥ ሌላ። የገለበጠ ሁልጊዜ ከኋላ ነው፣ ልጄ።»

ኢዩ ስልኩን እንደያዘ መደርደሪያውን አየ፣ እኔንም አየ።

«ታዲያ የቱን ላንሳ?»

«ያለፈበትን» አሉት።